መስኮቱ የማን ነው?

ስለ ቤት ውስጥ ሙቀትና ስለ ሰው ምቾት

ይኸን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው የካቲት ከሆሳዕና ወደ ዳምቦያ ስመለስ በተሳፈርሁበት ሚኒባስ ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ክርክሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን መንገድ ላይ በየዕለቱ የሚሰማ ነው። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ መኪናውም ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት መስኮቱን ከፈት ሲያደርግ፣ ከኋላው ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እባክህ ዝጋው፤ ነፋሱ መታኝ» አሉ። ወጣቱም፣ «እማማ፣ ሙቀቱ ሊያፍነን እኮ ነው» ሲል መለሰ። ወዲያው ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ይከፈት»፣ ገሚሱ «ይዘጋ» ይል ጀመር። መስኮቱ አንዴ ሲከፈት፣ አንዴ ሲዘጋ ጥቂት ከሄድን በኋላ ረዳቱ ነገሩ ሰለቸውና፣ «በሉ እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡና መስኮቱን እንደ ፈቀዱ ያድርጉት» ብሎ ቦታ አለዋወጣቸው።

ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። እኒያ እናት መጀመሪያ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ጥቂት ቆይተው ግን ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና በገዛ እጃቸው አንድ ስንዝር ያህል ከፈቱት። ዳምቦያ እስክንደርስም መልሰው አልዘጉትም። ነፋሱ ያው ነፋስ፣ ሙቀቱም ያው ሙቀት ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር መስኮቱ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቤ ሲመላለስ ቆየ። ሰው በቤት ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሲማር ወይም ሲሠራ የሚመቸው ቴርሞሜትሩ ይኸን ያህል ዲግሪ ሲያሳይ ነውን? ወይስ ሲሞቀውና ሲበርደው አንድ ነገር ለማድረግ ሥልጣን ሲኖረው ነው? ነገሩ ለተማሪና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቀላል አይደለም፤ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የምናሳልፈው ሌላ ሰው በሠራው፣ ሌላ ሰውም በሚያዝበት ክፍል ውስጥ ነውና።

አንድ ልክ ለሁሉ አይሆንም

የሰው አካል በውስጡ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ጠብቆ ለመኖር የሚታገል ምድጃ ነው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ይኸውም ቀድሞ በየቤታችን ይበራ የነበረው ባለ 100 ዋት አምፖል የሚያወጣውን ያህል ነው። 50 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ 50 አምፖሎች እንደ በሩ ይቆጠራል። ይኸ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ይሞቀናል፤ ከልክ በላይ ፈጥኖ ሲወጣ ደግሞ ይበርደናል።

ዴንማርካዊው ሊቅ ኦሌ ፋንገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለዚህ ጉዳይ አንድ ታዋቂ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎችን ልዩ በሆነ ክፍል ውስጥ በማስቀመጥ ከተገኘው ምርመራ ተነሥቶ ምቾትን በስሌት ለማግኘት ሞከረ። በስሌቱ ውስጥ ያስገባቸው ነገሮች ስድስት ናቸው። እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚፈልቀው ሙቀት፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የአየሩ እርጥበት፣ ሰውየው የለበሰው ልብስና የሚሠራው ሥራ ናቸው። ትልልቅ ሕንጻዎችን የሚያቀዘቅዙና የሚያሞቁ መሐንዲሶች በዚህ ስሌት እጅግ ተጠቅመውበታል።

ነገር ግን ከፋንገር ሥራ ውስጥ ለኛ ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። በእርሱ ስሌት መሠረት የክፍሉ ሙቀት የተቻለውን ያህል ቢስተካከል እንኳ ከ100 ሰዎች ቢያንስ 5ቱ አይመቻቸውም። ሰው በመልኩ እንደሚለያይ በሙቀት ስሜቱም ይለያያልና ለሁሉ የሚሆን አንድ ዲግሪ አይገኝም። ታዲያ ለእነዚያ አምስት ሰዎች ምን ይደረግላቸው?

ከፋንገር በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ነገሩን ከቤተ ሙከራ አውጥተው ሰው በእውነት ወደሚሠራባቸው ክፍሎች ወሰዱት። ሪቻርድ ዲ ዲርና ጌል ብሬገር የተባሉት ምሁራን በአራት አህጉሮች ከሚገኙ 160 ሕንጻዎች የተሰበሰበ፣ ቁጥሩ 21,000 ያህል የሆነ መረጃ መርምረው ውጤቱን በ1998 ዓ.ም. አወጡ። የደረሱበትም ይኸ ነው፦ ሙቀታቸው በመኪና በሚታዘዝ ዝግ ሕንጻዎች የሚሠሩ ሰዎች ሙቀቱ ከለመዱት ጥቂት ፈቀቅ ሲል ያጉረመርማሉ፤ መስኮታቸውን ራሳቸው በሚከፍቱባቸው ሕንጻዎች የሚሠሩት ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ሙቀትና ቅዝቃዜ ችለው ደስ ብሏቸው ይሠራሉ። የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2004 ዓ.ም. ይኸንን ግኝት በመመሪያው ውስጥ አስገባው።

ሰፋ ያለውን ሙቀት የሚችሉት ስለ ለመዱት ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት በዚያው በ2004 ዓ.ም. ወጣ። ጥናቱ የተደረገው በካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሌ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሠራተኞቹ በአንድ ዓይነት ሙቀት ውስጥ የሚሠሩ፣ ልብሳቸውና ሥራቸውም ተመሳሳይ ነበር። ልዩነታቸው አንዳንዶቹ መስኮት እንደ ልባቸው መክፈትና መዝጋት ሲችሉ ሌሎቹ አለመቻላቸው ነው። በሞቃቱ ወራት ሁለቱ ወገኖች «ይኸ ልክ ነው» ያሉት ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ተለያይቶ ተገኘ። መስኮት የሚያዙት ሰዎች ሙቀቱን ቻሉት፤ የማያዙት አልቻሉትም።

የዚህ ምክንያቱ ከቆዳ ይልቅ በልብ ውስጥ ያለ ይመስላል። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1972 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሙከራ ይተርካሉ። ሰዎችን በሚረብሽ ጩኸት ውስጥ እያስቀመጡ ሥራ ያሠሯቸዋል። ለአንዱ ወገን፣ «ጩኸቱ ካስመረራችሁ ይኸን ቁልፍ ስትጫኑ ይቆማል፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን» ይሏቸዋል። ለሌላው ወገን ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ያላቸው ሰዎች ሳይጫኑት ጩኸቱን እንደ ሌሎቹ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው ሥራ ግን ስሕተታቸው ያነሰ፣ ትዕግሥታቸውም የበለጠ ሆነ። ሰው መከራውን ለማስቆም እንደሚችል ሲያውቅ መከራው ይቀልለታል ማለት ነው። የሚኒባሷ እናትም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም።

የአባቶቻችን ቤት

የውጭ አገር ምርመራ ብዙ ጠቀስሁ። ሆኖም ይኸ ዕውቀት ለከምባታና ለሀዲያ ገበሬ አዲስ አይደለም። በዳምቦያ ዙሪያ ያለውን የሣር ቤት የገባበት ሰው ያውቀዋል። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት፣ ጣሪያው ወፍራም የሣር ክዳን ነው። ሣሩ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ የቀትር ፀሐይ ቶሎ አይሻገረውም፤ የሌሊት ብርድም እንደዚሁ። በስተጓሮ የቆመው እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ጥላ ይሰጣል። በቤቱ ውስጥ በአንድ ወገን ከብቶች ይታሰራሉ፤ የአንዲት ላም አካል የሚያወጣው ሙቀት ከአንድ ሰው ብዙ እጥፍ ነው። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ሲባል «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ የሚመልሰው ያለ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለሙቀቱ ባለቤት ነው። ሲበርደው ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ ሲሞቀው ወደ በሩ ይርቃል። እሳቱን ይቆሰቁሳል ወይም ያዳፍናል። በሩን ከፈት ያደርጋል፤ ካልበቃውም ወጥቶ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ልብሱም እንዲሁ ነው። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ፣ ከዚያም የሚወፍረው ቡሉኮ እያንዳንዱ ሰው በትከሻው ላይ ይዞት የሚዞረው የሙቀት ማስተካከያ ናቸው። ከሀምበሪቾ ተራራ የሚወርደው የሐምሌ ብርድ ሲመጣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይሸፈናል፤ ቀትር ሲሆን ወደ ወገቡ ያወርደዋል። ለዚህ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እርግጥ ነው፣ ያን ቤት ሁሉም ነገሩ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። የምድጃው ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በተለይም እናቶችንና ሕፃናትን። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ስለዚህ ወደ ጭሱ እንመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ጭሱን ትተን ስንወጣ ሥልጣኑንም አብረን ጥለነው መውጣታችን ያሳዝናል።

ከቆርቆሮው ሥር

የዛሬው የመማሪያ ክፍል ከዚያ ቤት ጋር ሲነጻጸር ሰፊና ብሩህ ነው። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ ፀሐይ የሰጠችውን ሙቀት ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለውም ሙቀቱ በቀጥታ በተማሪው ራስ ላይ ይፈልቃል። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ሰዶ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የተነሣ በዚያው አንድ ክፍል የጧቱ ፈረቃ ተማሪ በኅዳር ብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪ በላብ ይጠመቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። አስተማሪ በሆንሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሳስተምር ከኋላው መደዳ አንድ ልጅ እንቅልፍ ወስዶት አየሁ። ተቆጣሁና ከክፍል አስወጣሁት። ደወል ከተደወለ በኋላ በደጅ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «ቲቸር፣ ይቅርታ። ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም፤ እዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን ቢቀመጡበት ያዩት ነበር» አለኝ። ነገሩ ድፍረት መስሎኝ ዝም ብዬው ሄድሁ። ግን ቃሉ አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት በልጁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተር ማረም ጀመርሁ። ከአጠገቤ ያለው መስኮት በምስማር ተመትቶ ተዘግቷል፤ ቀድሞ መስተዋቱ ስለ ተሰበረና ዝናብ ስላስገባ ነው አሉ። ከላይ ቆርቆሮው ይነድዳል። ሌሎቹ 50 «አምፖሎች» እንኳ በሌሉበት ብዙ ሳልቆይ ዓይኔ ይከደን ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ሳስተምር ሁልጊዜ የምቆመው ከተከፈተው በር አጠገብ ነው። እንደ ፈለግሁ እንቀሳቀሳለሁ፤ ሲሞቀኝ ኮቴን አውልቄ ከወንበር ላይ እሰቅላለሁ። ያ ልጅ ግን የደንብ ልብስ ሹራቡን ለማውለቅ እንኳ እጁን አውጥቶ እኔን ማስፈቀድ ነበረበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ በአንድ አየር ውስጥ ግን አልነበርንም።

ልጁን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ዋናውን አስተማሪ አስፈቅደን ከዘበኛው ጋር ምስማሩን ነቀልነው። ከዚያም በየመስኮቱ አጠገብ ላለው መደዳ አንድ የመስኮት ተጠሪ መረጥን፤ ተጠሪው ከመደዳው ልጆች ጋር እየተመካከረ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሹራብ ማውለቅና መልበስ ያለ ፈቃድ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱም ወንበር እንዲለዋወጡ አደረግን። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አላወጣንም። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ብዙ አልቀዘቀዘም፤ ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን ማጉረምረሙ ቀነሰ፤ የሚያንቀላፋውም ልጅ በእኔ ትምህርት ሰዓት ዳግመኛ ሲያንቀላፋ አላየሁትም።

ይኸ ለጥቂት ልጆች ምቾት ሲባል ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የ10 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የፈተና ውጤት ከየአካባቢያቸው ሙቀት ጋር አስተያይቶ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌላቸው ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ ዘመን በ1 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በሚበልጥ በሞቀ ቁጥር፣ ተማሪው በዚያ ዓመት ከሚያገኘው ዕውቀት 1 በመቶ ያህል ይቀነስበታል። እንግዲህ ሰነፍ ብለን የምንቆጣው ልጅ ስንት ጊዜ ሰነፍ ሳይሆን የሞቀው ኖሯል?

የአለቃው መስኮት

የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢያን ይኸን ታሪክ በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ክፍሉ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ነው። መስኮቱ ግን ከአጠገቡ ለተቀመጠው፣ ብዙውን ጊዜም ለቆየው ሠራተኛ ነው። አዲሱ ጸሐፊ ቢያልበውም ተነሥቶ መስኮት መክፈትን ድፍረት አድርጎ ይቆጥረዋል። አለቃው ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው መስኮት፣ ምናልባትም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ስለዚህ ስለ ሙቀት አቤቱታ ሲቀርብለት፣ «እኔ ምንም አልተሰማኝም» ቢል አይዋሽም። እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

በአዲስ አበባ፣ አሁን አሁንም በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች፣ ፊታቸውን በመስተዋት የሸፈኑ ፎቆች ይሠራሉ። መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ በውስጥ የተፈጠረውን ሙቀት ግን በቀላሉ አያስወጣም። በእንዲህ ያለ ሕንጻ ላይ የሚከፈቱት መስኮቶች ጥቂትና ጠባብ ከሆኑ በውስጡ የሚሠራው ሰው ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው እጅ ነው። አዲስ አበባ አየሯ ለመስኮት የተመቸ ደጋ ከተማ ሆና ሳለ እንዲህ ያለ ቤት መሥራት ጋቢ ያለው ሰው ብርድ እንዲመታው መፍቀድ ነው።

ልብስም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጃፓን መንግሥት በ2005 ዓ.ም. በጋ መሥሪያ ቤቶች ማቀዝቀዣቸውን ከ28 ዲግሪ በታች እንዳያደርጉ፣ ሠራተኞችም ያለ ከረባትና ያለ ኮት እንዲገቡ መመሪያ አወጣ። ዓላማው ኤሌክትሪክ መቆጠብ ነው። ነገር ግን አንድ መልካም ነገር ይዟል። ለሠራተኛው በአንገቱ ላይ ያለውን ሥልጣን መልሶለታል።

«ነፋስ ይመታኛል»

«መስኮት ይከፈት ስትል ነፋስ የሚመታውን ሰውስ ምን ልታደርገው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በነፋሱ የተማረረ ሰው ምክንያት አለው። ያው ፋንገር ኋላ ከጓደኞቹ ጋር በ1988 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ፣ እየተቆራረጠ የሚወዛወዝ ነፋስ ጸጥ ብሎ ከሚነፍሰው ይልቅ ሰውን እንደሚያስቸግር አሳይቷል። በሚሄድ መኪና መስኮት የሚገባው እንዲህ ያለው ነው። እኒያ እናት ያለ ምክንያት አልጮኹም።

ሆኖም የታፈነ ቤት የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ነፋስ በመምታቱ ሳይሆን አየሩ ሳይለወጥ ሰው በሚያስልበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በመካከለኛ ግምት በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጣል፤ በመኪና ለሚለወጥ አየር የታዘዘው ልክ ግን 12 ነው። በ2020 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜም በየመኪናውና በየቢሮው መስኮት ክፈቱ ተብለን ከፍተን ነበር። ወረርሽኙ ጋብ ሲል መስኮቶቹም ተመልሰው ተዘጉ።

እንግዲህ መፍትሔው «ይከፈት» ወይም «ይዘጋ» ብሎ መፍረድ አይደለም። ሁለቱም ፍርድ ገሚሱን ሰው ያስለቅሳል። መፍትሔው መስኮቱ የሚመለከተው ሰው በመስኮቱ እንዲያዝ ማድረግ ነው። የሚበርደው ከነፋሱ ይራቅ ወይም መስኮቱን ራሱ ይያዝ፤ የሚሞቀው ወደ ነፋሱ ይጠጋ። ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ያስገባ፤ ገንዘቡ ካልበቃ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ መወጠርም ካለመኖር ይሻላል። መስኮቶቹን በሁለት ፊት ለፊት በሆኑ ግድግዳዎች ላይ ያውጣ፤ መቀርቀሪያቸውም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበትና የሚያዝበት ይሁን። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም በዓመት አንድ ቀን ከታናሹ ጸሐፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዋል። እኔን ያስተማረኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር።

ያ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በክረምት ዳምቦያ ሲመጣ አገኘሁትና ስለ አዲሱ ትምህርት ቤቱ ጠየቅሁት። ስለ ምግቡም፣ ስለ ትምህርቱም ነገረኝ። በመጨረሻም ሳቅ እያለ፣ «ቲቸር፣ የምተኛው ከመስኮቱ አጠገብ ነው» አለኝ።